የማሳ ገቢና ወጪ

ነጋዴ ገቢውንና ወጪውን ካልመዘገበ ኪሳራውን የሚያውቀው ካዝናው ሲራቈት ነው። የእርሻ መሬትም እንዲሁ ነው። እህል ያለ ናይትሮጂን አያድግምና፣ የአንድ ሄክታር ስንዴን የናይትሮጂን መዝገብ ለአንባቢዎቼ በምሳሌ ላሳይ። ሊቃውንት ሞዴል የሚሉት ስሌትም መሠረቱ ይኸው ነው።

ገቢ፦ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለው።

ወጪ፦ ማሳው 20 ኩንታል ስንዴ ቢሰጥ፣ ከእህሉ 2 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ስለ ሆነ 40 ኪሎ ይወጣል። 30 ኩንታል ገለባ ቢነሣ፣ በግማሽ በመቶ ሲሰላ 15 ኪሎ ይሄዳል። ከዩሪያው ሩቡ፣ ማለት 11.5 ኪሎ፣ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ በንኖ፣ ከፊሉ በዝናብ ታጥቦ ጠፋ እንበል። የወጪው ድምር 66.5 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ 20.5 ኪሎ ጐደለ።

ታዲያ ስንዴው በምን በቀለ? ጕድለቱን የከፈለው በአፈሩ ብስባሽ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጂን ነው። ይኸውም ዋናውን ገንዘብ እየበሉ እንደ መነገድ ነው።

በአገራችን ገለባው ለከብት ይሰጣል፤ እበቱም ብዙ ጊዜ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ናይትሮጂኑም ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ገለባው እማሳው ላይ ቢቀር ኖሮ ግን ጕድለቱ 5.5 ኪሎ ብቻ በሆነ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ቢዘራ ደግሞ፣ በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን ወስደው ገቢውን ይጨምራሉ።

እንግዲህ እኛ የገበሬ ልጆች፣ የተማርነውን መደመርና መቀነስ አስቀድመን ለአባቶቻችን ማሳ እናውለው።