የተቆረጠችው አሃዝ የገበያውን ግማሽ በላች

የካናዳው የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 አዲስ ኢንዴክስ ሥራ ላይ አዋለ። መነሻው 1000.000 ነጥብ ነበር። ነጋዴው አክሲዮኑን ደህና ዋጋ እያወጣለት ሲሸጥ፣ ኢንዴክሱ ግን ወር በገባ ቁጥር ያሽቆለቁል ጀመር። ዓርብ ኖቬምበር 25 ቀን 1983 ገበያው ሲዘጋ 524.811 ላይ ደርሶ ነበር። ሰኞ ሲከፈት 1098.892 ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜና እሁድ የተሸጠ አክሲዮን አልነበረም፤ የተስተካከለው ሒሳቡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አዲሱን ኢንዴክስ የሚያሰላው ካለፈው ኢንዴክስ ተነስቶ ሲሆን፣ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ብቻ ያስቀር ነበር። የቀረውን አያጠጋጋም፤ ይቆርጠዋል። 540.3219 ቢመጣ 540.321 ብሎ ይይዛል። ማጠጋጋት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚል ይካካሳል። መቁረጥ ግን ምንጊዜም ወደ ታች ነው። በአንድ ስሌት በአማካይ የሚጠፋው 0.0005 ነጥብ ቢሆንም፣ ስሌቱ በቀን 2800 ጊዜ ያህል ስለሚደጋገም ኪሳራው በቀን ከአንድ ነጥብ በላይ ይሆናል። በ22 ወር 574 ነጥብ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

የዛሬ ኮምፒውተር ያጠጋጋል እንጂ አይቆርጥም፤ ሆኖም ችግሩ ጨርሶ አልለቀቀም። ማሽኑ የሚቆጥረው በሁለት አሃዞች በመሆኑ፣ አንድ ሦስተኛ በእኛ አጻጻፍ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ 0.10 ለእሱ አያልቅለትም። አሥር ጊዜ 0.10 ሲደምር የሚያገኘው 0.9999999999999999 ነው። ሰባት አሃዝ ገደማ ብቻ በሚይዘው አጭሩ የቁጥር ዓይነት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 16,777,216 ብር ላይ አንድ ብር ቢደመር ውጤቱ ያው 16,777,216 ነው። አምስት መቶ ጊዜ አንድ አንድ ብር ቢጨመርም ድምሩ ንቅንቅ አይልም። አንድ አንዱ ብር መጀመሪያ ለብቻው ተደምሮ 500 ከሆነ በኋላ ቢገባ ግን ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ትንንሹን አስቀድሞ መደመር ያዋጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

የካናዳ ተወላጁ ዊልያም ካሃን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ዘዴ ደግሞ በእያንዳንዱ ድምር የወደቀችውን ፍርፋሪ ለብቻ ይዞ በሚቀጥለው ቁጥር ላይ ይመልሳታል። ለሱቅና ለባንክ ሒሳብ ይህም አያስፈልግም፤ ብሩን ትቶ በሙሉ ሣንቲም መቁጠር ይበቃል።

የመደመርና የመቀነስ ቅልቅል ሲመጣ ግን ካሃንም ብቻውን አያድንም። ወለድን ወደ ኋላ ለማስላት የሚያገለግለው ኤክስፖኔንሻል ፈንክሽን በተከታታይ ድምር ሲሠራ፣ ለነጋቲቭ 20 የሚደመሩትና የሚቀነሱት ቁጥሮች ከ43 ሚሊዮን በላይ ይደርሳሉ። የመጨረሻው መልስ ግን 0.000000002 ገደማ ነው። ግዙፎቹ ሲጣፉ የሚቀረው የማጠጋጋት ስህተት መልሱን ራሱን ያክላል። ባለሙያዎች መጀመሪያ የፖዘቲቭ 20ን ያሰላሉ፤ እዚያ ሁሉም ድምር እንጂ ቅነሳ የለም። ከዚያ አንድን ለውጤቱ ያካፍላሉ።