የሚያገለግል ምላስ፦ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ሐሜትና ስለ ወንድማዊ ተግሣጽ



ከየካ ኮረብታ እስከ እንጦጦ ያለውን የባሕር ዛፍ ደን የሚያውቅ ሰው፣ ማልደው ወጥተው የደረቀ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሳያይ አይቀርም። ያ ሸክም ምድጃ ውስጥ ሲገባ ቤተ ሰብን ይመግባል። ያው ጭራሮ ግን በበጋ ወራት እዚያው ደኑ ውስጥ እንዳለ አንዲት ክብሪት ብትነካው ጋራውን በሙሉ ያነድዳል። ሐዋርያው ያዕቆብ ምላስን ታላቅ ደን ከምታቃጥል ትንሽ እሳት ጋር ያመሳሰላት በከንቱ አይደለም (ያዕ. 3፥5-6)። መጽሐፈ ምሳሌም እንጨት ሲያልቅ እሳት እንደሚጠፋ፣ ሐሜተኛም በሌለበት ጠብ እንደሚበርድ ያስተምረናል (ምሳ. 26፥20)።

ስለ ወንድማችን ወይም ስለ እኅታችን ኃጢአት የምናውቀው ነገር እንደዚያ ጭራሮ ነው። በተገቢው ስፍራ ሲቀመጥ ሰውን ያድናል፤ በየመንገዱ ሲበተን ግን ቤተ ክርስቲያንን ያቃጥላል። እንግዲህ በመካከላችን ኃጢአት ስናይ ምን ልናደርግ ይገባናል? ዝም እንበልን ወይስ እንናገር? ብንናገርስ ለማን? የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

1. ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው ነገር

በሲ.ኤም.ሲና በዙሪያዋ የምንኖር ብዙዎች ከልዩ ልዩ ሰፈር፣ አንዳንዶቻችንም ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ተሰባስበን የመጣን ነን። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይተዋወቅ ዓመት ያልፋል። ስለዚህም ለብዙዎቻችን ቁምስናው ዘመድ፣ ማኅበሩም ቤተ ሰብ ሆኖልናል። እንዲህ ባለ ስፍራ መልካም ስሙን ያጣ ሰው ያጣው ስሙን ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰቡንም ነው።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን እናስብ። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለሕሙማን መርጃ ገንዘብ ያዋጣል። አንዲት አባል መዝገቡን ስታይ ጥቂት ገንዘብ ይጎድላል። ገንዘብ ያዡን አትጠይቅም፤ ቆሞሱንም አታማክርም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ለባልንጀራዋ፣ «በጸሎትሽ እንድታስቢው ብዬ ነው እንጂ ሐሜት እንኳ አይደለም» ብላ ትነግራታለች። ባልንጀራዋ ለባሏ፣ ባሏም ለሥራ ባልደረባው ይናገራል። ማታ ወሬው በስልክ መልእክት ይዞራል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የጎደለው ጥቂት ገንዘብ በየአፉ እየበዛ ይሄዳል። በሚቀጥለው እሑድ ገንዘብ ያዡ የሰዎችን ፊት አይቶ ነገሩን ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ አይመጣም። በየሳምንቱ ይጠይቃቸው የነበሩ ሦስት አረጋውያን ሕሙማንም ጠያቂ አጥተው ይቀራሉ።

ከወር በኋላ የጎደለው ደረሰኝ በቆሞሱ መሳቢያ ተገኘ እንበል። ያ ሰው ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን ማን ሄዶ ቤቱን ያንኳኳል? ነገሩን ገልብጠን ደግሞ፣ በእርግጥ ገንዘቡን ወስዶት ነበር እንበል። በዚያ ሁሉ ወሬ ገንዘቡ ተመለሰን? ሰውየውስ ንስሐ ገባን? ሕሙማኑስ ተረዱን? አልሆነም። ሐሜት ንጹሑን አያድንም፤ በደለኛውንም አይፈውስም። ክፋቱም በዚህ ይታወቃል።

2. ዲያቆንና ዲያብሎስ

ቤተ ክርስቲያናችን ከጽርዕ ቋንቋ የተቀበለቻቸው ሁለት ስሞች አሉ። አንዱ «ዲያቆን» ሲሆን ትርጓሜው አገልጋይ ማለት ነው። ሁለተኛው «ዲያብሎስ» ነው፤ እርሱም ከሳሽ፣ ስም አጥፊ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ዲያቆናት ሲጽፍ በሁለት ቃል የማይናገሩ እንዲሆኑ ካዘዘ በኋላ፣ በዚያው ክፍል ስለ ሴቶች ሲናገር ሐሜተኞች እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃል (1ጢሞ. 3፥8-11)። በጽርዑ መጽሐፍ «ሐሜተኞች» ለተባለው የገባው ቃል ያው «ዲያብሎስ» የሚለው ቃል በብዙ ቁጥር ነው። እንግዲህ የሚያገለግል ሰው አንደበቱን ለሐሜት ሲያውል፣ የአገልጋይነትን ስም እንደያዘ የከሳሹን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

የዲያቆናት አገልግሎት አጀማመርም ያስተምረናል። በኢየሩሳሌም በነበረችው በመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለቱ ምግብ ዕደላ ችላ ተባሉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ (ሐዋ. 6፥1-6)። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ነገሩንም አልሸሸጉም። ማኅበሩን ሁሉ ጠርተው ጉዳዩን በግልጥ አቀረቡ፤ ሰባት ሰዎችም ተመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቅሬታው ከተነሣበት ወገን አገልጋዮች እንደ ተሾሙ ያመለክታልና። በየጓዳው ቢቀር መለያየትን ይወልድ የነበረ ማጉረምረም፣ መፍትሔ ወደሚገኝበት ስፍራ ስለ ቀረበ አዲስ አገልግሎትን ወለደ።

3. «እውነት ከሆነስ ምን አለበት?»

ብዙ ጊዜ፣ «እኔ ሐሰት አልተናገርሁም፤ የሆነውን ነው ያወራሁት» ስንል እንሰማለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ግን በባልንጀራ መልካም ስም ላይ የሚሠሩ ሦስት ኃጢአቶችን ለይቶ ያስቀምጣል (ቁ. 2477)። እነርሱም፦

ሀ) በቂ ማስረጃ ሳይኖር የባልንጀራን ጥፋት በልብ እንኳ እውነት አድርጎ መቀበል፣ ይህም የችኮላ ፍርድ ነው፤

ለ) ተገቢ ምክንያት ሳይኖር የሌላውን እውነተኛ ጉድለት ለማያውቁት መግለጥ፣ ይህም ሐሜት ነው፤

ሐ) ሐሰት ተናግሮ የሰውን ክብር ማጉደፍ፣ ይህም ስም ማጥፋት ነው።

እንግዲህ ነገሩ እውነት መሆኑ ብቻውን ከኃጢአት ነጻ አያወጣንም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ማንም የሌላውን መልካም ስም ያለ አግባብ እንዳይጎዳ ይከለክላል (ቀኖና 23)። መልካም ስም እንደ ንብረት ነው፤ የሰው ንብረት ደግሞ ባለቤቱ ኃጢአተኛ ስለሆነ አይዘረፍም።

4. ጌታችን ያሳየን መንገድ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል (18፥15-17) ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ ሰጥቶናል። በመጀመሪያ ብቻህን ወደ በደለህ ወንድምህ ሂድ፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ዘወትር የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከብዙ ሰው እንጀምርና ወደ ባለቤቱ ሳንደርስ እንቀራለን። በሽምግልና ያደገ ሕዝብ ይህን ሥርዓት ለመረዳት ሊከብደው አይገባም። ሽማግሌ የሚመረጠው ነገር የሚያበርድና ምሥጢር የሚጠብቅ ሆኖ ነው፤ ከአንዱ ቤት የሰማውን በሌላው ቤት የሚያወራ ሰው ለሽምግልና አይጠራም።

ጌታችንም በሕማሙ ዋዜማ የይሁዳን ልብ እያወቀ ከሌሎቹ ጋር እግሩን አጠበ። ከመካከላቸው አሳልፎ የሚሰጠው እንዳለ ተናገረ፤ ደቀ መዛሙርቱ ግን ስለ ማን እንደ ተናገረ ስላላወቁ እርስ በርሳቸው ተያዩ (ዮሐ. 13፥1-22)። የጓደኛቸውን ነገር ለማወቅ የሚያስችል አንዳች መጥፎ ወሬ ከጌታ አፍ አልሰሙም ነበር። ኃጢአትን እያወቁ ኃጢአተኛውን ማገልገል እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

ቅዱሳንም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ እናቱ ስለ ቅድስት ሞኒካ ሲጽፍ፣ ከተጣሉ ሰዎች ከሁለቱም ወገን መራራ ቃል ብትሰማም፣ ለማስታረቅ ከሚረዳው በቀር አንዱን ለሌላው እንደማታወራ ይመሰክርላታል። እርሱም በሂጶ ጳጳስ በነበረበት ጊዜ፣ በሌለ ሰው ላይ ክፉ የሚናገር ከዚህ ማዕድ እንዳይቀርብ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በገበታው ላይ እንደ ነበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ፖሲዲዩስ ይነግረናል። ወዳጆቹ የሆኑ ጳጳሳት እንኳ ይህን በዘነጉ ጊዜ፣ ወይ ጽሑፉ ይፋቅ ወይ እኔ ከማዕዱ ልነሣ ብሎ ገሥጿቸዋል። የቡና ረከቦታችንን የሚያስታውስ ታሪክ ነው!

5. ዝምታ ኃጢአት የሚሆንበት ጊዜ

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር እንጠንቀቅ። ሐሜትን መተው ማለት በደልን መሸፈን ማለት አይደለም። ሕፃን ወይም ደካማ ሰው ሲጎዳ፣ የድሆች ገንዘብ ሲዘረፍ፣ «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» ብሎ ዝም ማለት ራሱ የኃጢአት ተባባሪነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የነበረውን ግልጥ ነውር በዝምታ የታገሡትን ምእመናን አጥብቆ ወቅሷል (1ቆሮ. 5)። «ብቻህን ሂድ» የሚለው ቃልም የተጎዳ ሕፃን ብቻውን ከጎዳው ሰው ፊት እንዲቆም ለማስገደድ አልተሰጠም።

ስለዚህም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡትና በ2023 ባጸኑት ደንብ፣ ካህናትና ገዳማውያን በሕፃናትና በደካሞች ላይ የሚፈጸም የሩካቤ ሥጋ ጥቃትን ሲያውቁ ለቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ማንኛውም ምእመንም ማሳወቅ ይችላል። አቤቱታ ባቀረበው ሰው ላይ ዝምታን መጫን ወይም መበቀል የተከለከለ ነው። በምሥጢረ ንስሐ የተነገረው ግን ምንጊዜም የማይገለጥ ኅቱም ነው። ይህን ደንብ ያወጡት አባት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2020 የማቴዎስን 18ኛ ምዕራፍ ሲያብራሩ፣ ሐሜት ከኮቪድ የከፋ መቅሠፍት መሆኑን አስተምረዋል። ሁለቱ አይቃረኑም። ክስን ለሚመለከተው ማቅረብና ሐሜትን መተው የአንድ ፍቅር ሁለት ፊቶች ናቸው።

መለያውም ግልጥ ነው፦ የምነግረው ሰው ስለዚህ ነገር አንዳች ማድረግ ይችላልን? በደለኛው ራሱ ንስሐ መግባት ይችላል፤ ቆሞሱ መገሠጽ፣ ኦዲተሩ መመርመር፣ ዳኛው መፍረድ ይችላል። ቡና የሚጠጣው ጎረቤቴ ግን ከመስማት በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል?

6. የተበላሸውን መጠገን

የሰው ገንዘብ የሰረቀ ንስሐ ሲገባ ገንዘቡን መመለስ እንዳለበት ሁላችን እናውቃለን። ትምህርተ ክርስቶስ የሰው ስም ያጠፋም እንዲሁ የመካስ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራል (ቁ. 2487)። ስለዚህ መናዘዝ ብቻውን አይበቃም። ሐሰት የተናገረ ሰው ለሰሙት ሁሉ ሐሰት መሆኑን ይንገር። እውነትን ያለ አግባብ የገለጠም የዚያን ሰው መልካም ሥራ በመመስከር ክብሩን ይመልስለት። የሰማም ድርሻ አለው፤ «ለእርሱ ነግረኸዋልን? ካልነገርኸው አብረን እንሂድ» የሚል ሰው ወሬውን እዚያው ያቆመዋል።

ጥፋተኛውም ከተጸጸተ በኋላ ስፍራው ይመለስለት። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናን ያሳዘነውንና የተቀጣውን ሰው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉትና ፍቅራቸውን እንዲያጸኑለት አዝዟል (2ቆሮ. 2፥5-8)። የተመለሰን ሰው ዕድሜ ልኩን በአሮጌ ጥፋቱ የሚጠራ ማኅበር የእግዚአብሔርን ይቅርታ ይክዳል።

በቅዳሴያችን በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችን እንድንሳለም የሚያውጀው ዲያቆኑ፣ ማለት አገልጋዩ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ያን አዋጅ ስንሰማ፣ ከወሬያችን የተነሣ ከመካከላችን የጠፋ ሰው እንዳለ ዘወር ብለን እንይ። ካለም ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቡናው ሳይሆን ወደ ቤቱ እንሂድ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችን ቅሬታ ሲኖር የሚቀርብበት የታወቀ መንገድ አለን? ከሌለ ከሐዋ. 6 ምን እንማራለን?

2. በጸሎት ወይም በምክር ስም የሚነገር ሐሜት በምን ይታወቃል?

3. ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የራቀ ማን ነው? ከእኛስ ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?