ስለ መጠጥና ስለ ሐሺሽ የሰው ፍርድ

ጥያቄ፤ መጠጥም ሐሺሽም አእምሮን የሚያውኩ ሲሆኑ፥ ሰው አንዱን በማዕድ አኑሮ ሁለተኛውን በወንጀል የሚቀጣው ስለ ምን ነው?

መልስ፤ ፍርዱ ከጉዳት ይልቅ ከልማድ ስለሚወለድ ነው። በምን ይታወቃል ቢሉ፥ በግብፅ ይታወቃል። ወይን በእስልምና ሕግ የተከለከለ ነው፤ የሐሺሽ ስም ግን በቁርዓን ስላልተጻፈ ሊቃውንቱ በመካከለኛው ዘመን ብዙ ተከራክረውበታል፤ ድሀውም በርካሽነቱ ለምዶት ነበር። በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924፥ የግብፅ መልእክተኛ ሐሺሽ በዓለም ሁሉ ቁጥጥር እንዲደረግበት በጄኔቫ ጉባኤ አሳሰበ፤ በ1925 በተፈረመው ስምምነትም ገባ። መጠጥ ግን በዚያም ሆነ በ1961 በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አልገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 በመጠጥ ምክንያት የሞቱት ሰዎች 2.6 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆኑ ገልጧል።

ይህን ማለታችን ሐሺሽን ለማጽደቅ አይደለም። ሐሺሽ የማስታወስን ኃይል ያደክማል፤ ይልቁንም በወጣትነቱ አዘውትሮ የሚያጤሰውን ለአእምሮ ሕመም ሊያጋልጠው ይችላል። ነገር ግን በአገራችን በበዓል ቀን ጠጅ ያሰከረውን ዘመድ «ሞቅ ብሎታል» ብለን እንስቃለን፤ ሚስቱና ልጆቹ በሌሊት ሲያለቅሱ አንሰማም። ሐሺሽ ያጤሰውን ጎረምሳ ግን «ዱርዬ» ብለን ከደጃፍ እናባርረዋለን፤ የተባረረውም መካሪ አያገኝም።

ኖኅ በወይን በሰከረ ጊዜ ሁለቱ ልጆቹ ዕራቁቱን ሸፈኑ። እኛ ግን አንዱን ሸፍነን ሁለተኛውን እንገልጣለን። ተሳላሚ ወንድሜ ሆይ፥ ወደ ቤትህ ስትመለስ ለሁለቱም እውነቱን ንገር፤ ለሁለቱም ደጅህን ክፈት።