ለደከመች ጫጩት መጀመሪያ ሙቀት

አንዲት ገና የተፈለፈለች ጫጩት ዓይኗን ጨፍና፣ ክንፏን ጥላ ስትንቀጠቀጥ ያየ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያስበው ምግብ ነው። አይቸኩሉ። ጫጩት የእንቁላሉን አስኳል ሆዷ ውስጥ ይዛ ስለምትወጣ ሁለት ቀን ያህል ሳትበላ ትቆያለች። ብርድን ግን አትችልም። በብርድ የደነዘዘች ጫጩት የበላችው አይፈጭላትም፤ ውሃውም ትን ብሎ ሊገድላት ይችላል።

ስለዚህ በቅድሚያ ከሌሎቹ ይለዩዋት፤ ጠንካሮቹ ይረግጧታል። ካርቶን ውስጥ ሻካራ ጨርቅ ያንጥፉ። ጋዜጣ ስለሚያንሸራትት እግሯን ያንሻፍፋል። አምፖሉን በአንዱ ጥግ ብቻ ይስቀሉ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ያስፈልጋታል። ቆጣቢ አምፖል እዚህ ላይ አይረባም፤ የሚያሞቀው ያ የድሮው አምፖል ነው። ጫጩቷ ባለችበት ከፍታ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ ራሷን ይዩ፦ አምፖሉ ሥር ተኮማትራ ከጮኸች በርዷታል፤ አፏን ከፍታ ካለከለከች ሞቋታል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጡ። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት መዝጋት ግን ጫጩቷንም ባለቤቷንም ይገድላል።

ሰውነቷ ሞቆ ቀና ስትል ወደ ውሃው ይሂዱ። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበጥብጡ። ጣትዎን ነክረው ጠብታውን በመንቆሯ ጎን ያስነኳት፤ ራሷ ትላሰው እንጂ አፏን ከፍተው አያንቆርቁሩባት። የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች መንቆሯ ላይ ስለሆኑ እነሱንም አያርጥቡ። ስኳሩ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ሲበዛ ያስቀምጣታል።

አሁን ገልብጠው ከኋላዋ ይመልከቱ። ኩስ ደርቆ መውጫዋን ከደፈነውና ሳይነሳ ካደረ ሊገድላት ይችላል። ጥጥ በለብ ያለ ውሃ አርሰው እስኪለሰልስ ይያዙበት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይጥረጉ። ደረቁን መጎተት ቆዳዋን ይገሸልጠዋል። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሆዷ በኩል ያለው እንብርቷ ነው፤ ቅርፊት ቢመስልም አይንኩት። ሲጨርሱ በደንብ ያድርቋት።

እግሮቿ ወደ ጎንና ጎን ከተንሻፈፉ ሁለቱን በቀጭን ፕላስተር ያገናኙ፤ በመካከላቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ይተዉ። ይህ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ አጥንቷ ከጠና በኋላ አይመለስም።

መብላት ስትጀምር የተቀቀለ አስኳል ፈርፍረው በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥሎ የጫጩት መኖ ይስጧት። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊቷን ይጎዳል። በራሷ እየበላች መሮጥ ስትጀምር ወደ ጓደኞቿ ትመለስ።

አንዲት ብቻ ሳትሆን ብዙዎቹ አብረው ከደከሙ፣ ነጭ ተቅማጥ ከያዛቸው ወይም ከሞቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰው ቴትራሳይክሊን በግምት በጥብጦ ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። የሞተችውን በላስቲክ ቋጥረው በቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱ። ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ ልትይዝ ስለምትችል፣ ልጆች ጫጩት እንዳይስሙ ይከልክሉ፤ በነኳት ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።