የጡት ካንሰር የተገኘባትን እኅት ምን እንምከራት?
(ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት)

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአራት ልጆች እናት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆማ ጠበቀችኝ። በጡቷ ውስጥ ካለው እብጠት ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ እንደ ተነገራት፣ ቀዶ ጥገናም እንደ ታዘዘላት ገለጸችልኝ። «አባ፣ ከመቆረጤ በፊት የባህል መድኃኒት ልሞክር ብዬ ነው፤ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። እኔም ጸለይኩላትና «ምርጫው የአንቺ ነው» ብዬ ሸኘኋት። ያን ጊዜ ነጻነቷን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ከስምንት ወራት በኋላ ስንገናኝ ግን እብጠቱ ቆስሎ ወደ ብብቷ ተዛምቶ አገኘሁት።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀሁት እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲቀርብልን ዝምታችንን አክብሮት አድርገን እንዳንቆጥር ነው። ምርጫው በእርግጥ የታማሚዋ ነው፤ ይሁንና ሰው በሚገባ ሊመርጥ የሚችለው እውነቱን ሲያውቅ ነው።

1. በሽታው ጊዜ አይሰጥም

ካንሰር የሚባለው የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ገደብ ሲባዙ ነው። በጡት ውስጥ የጀመረው ካንሰር በቶሎ ካልታከመ በአብዛኛው አስቀድሞ ወደ ብብት ዕጢዎች፣ ቀጥሎም ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላል። በመጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ስለማያሳምም፣ «ካላመመኝ ምን ያስቸኩለኛል?» የሚለው አሳብ ብዙዎችን ያዘናጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ያህል ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ መሠረት አንዲት ሴት ወደ ጤና ተቋም ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ፣ በሦስት ወራት ውስጥም ሕክምናዋ እንዲጀመር ይመክራል። እንግዲህ ስምንት ወር ምን ያህል ረጅም ጊዜ እንደ ሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

2. ሆስፒታሉ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ሕክምናው አንድ ብቻ ሳይሆን እንደ በሽታው ዓይነትና ደረጃ የሚቀነባበር ነው። ቀዶ ጥገናው የሚታየውን እብጠት ያስወግዳል፤ ኬሞቴራፒው በደም ውስጥ ተዘዋውሮ የማይታዩትን ሕዋሳት ያጠቃል፤ የጨረር ሕክምናው በተቆረጠበት አካባቢ የቀረውን ያጠፋል። ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ታሞክሲፌን የተባለው እንክብል ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ይወሰዳል። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው እንደ ታየው፣ ይህ እንክብል እንዲህ ያለ ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ዘንድ በ15 ዓመታት ውስጥ በበሽታው የመሞትን አደጋ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ማለት ሕክምናው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጠጉር ይረግፋል፤ ሆኖም ዘወትር ለማለት በሚቻል ሁኔታ ተመልሶ ይበቅላል። ማቅለሽለሽና ድካም አለ፤ የክንድ እብጠት፣ አንዳንዴም መካንነት ሊያስከትል ይችላል። ጡትን ማጣትም ለሴት ልጅ ታላቅ ሐዘን ነው፤ ይህን ሐዘን ማቃለል አይገባንም። በሌላ በኩል «ቢላ ሲነካው ይዛመታል» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ብዙዎች ወደ ቀዶ ጥገና የሚደርሱት በሽታው አስቀድሞ ከተዛመተ በኋላ በመሆኑ፣ ሞትን ያመጣው የዘገየው ጊዜ ሆኖ ሳለ ቢላዋ ይከሰሳል።

3. የዕፅዋት መድኃኒት ከንቱ ነውን?

አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚያ በመነሣት ባደረጉት ምርምር እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ዛሬ ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓክሊታክሴልም በመጀመሪያ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ለምርምር የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ መድኃኒቱ በአሜሪካ ለጡት ካንሰር የተፈቀደው በ1994 ነው። በመካከሉ ያለፉት ከ30 የሚበልጡ ዓመታት ንጥረ ነገሩን ለመለየት፣ መጠኑን ለመወሰን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለማመዛዘን የዋሉ ናቸው።

ስለሆነም ጥያቄው «ቅጠል ነው ወይስ እንክብል?» የሚል መሆን የለበትም። ትክክለኛው ጥያቄ «ተፈትኗልን? መጠኑስ ታውቋልን?» የሚል ነው። ኮሶ ትል እንደሚያስወጣ አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ እንደሚጎዳም ያውቁ ነበር። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ሥር ወይም ቅጠል ግን ስንቱን አድኖ ስንቱን እንዳላዳነ ቆጥሮ የያዘ ባለመድኃኒት አይገኝም። ጡትን መተኮስም ቁስልን ይጨምራል እንጂ በውስጥ ያለውን ካንሰር አያጠፋም።

በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናታቸው፣ በሽታው ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ያልተዛመተባቸውን ሕሙማን አነጻጽረዋል። የጡት ካንሰር ካለባቸው ሴቶች መካከል የሆስፒታሉን ሕክምና ትተው ሌላ ዓይነት ሕክምና ብቻ ከመረጡት ከመቶው 58 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት ግን ከመቶው 87 ያህሉ። ጥናቱ የተደረገው በሌላ አገር በመሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማዛወር አይቻልም፤ የሚያመለክተው መንገድ ግን ግልጽ ነው።

4. «በምትክ» እና «ጎን ለጎን»

እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሁለቱን ዓይነት ሕክምና ጎን ለጎን የያዙትንም አጥንተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀዶ ጥገናውን፣ ጨረሩን ወይም ሌላውን የታዘዘላቸውን ሕክምና በከፊል እንቢ ብለው ነበር፤ የመሞት አደጋቸውም እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሕክምናን እንቢ ማለትና ማዘግየት በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ጉዳት የመጣው ከተጨመረው ነገር ይልቅ ከተተወው ሕክምና እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ አንዲት እኅት ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ብትጠጣ፣ እንደ አቅሟ ብትንቀሳቀስ፣ የሚስማማትን ምግብ ብትመገብ የሚነቅፋት የለም። ማንኛውንም ሥር ወይም ቅጠል ከመውሰዷ በፊት ግን ለሐኪሟ ትንገር። አንዳንድ ዕፅዋት ጉበትን ይጎዳሉ ወይም የመድኃኒቱን ኃይል ያዛባሉና።

5. እምነትና ሕክምና

ጠበልና ጸሎት የሐኪም ተፎካካሪዎች አይደሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 በሽተኛው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ያስተምራል። ምስጢረ ቀንዲልን የምትቀበል እኅት በማግስቱ ወደ ቀዶ ጥገና ብትሄድ እምነቷ አልጎደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳስተማሩት ሰው ሕይወቱን በተለመደው መንገድ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ግን አይገደድም። እንግዲህ በሽታው ከመዳን ደረጃ ባለፈ ጊዜ፣ ጥቅሙ ያነሰ ከባድ ሕክምናን ማቆምና ሥቃይን የሚያስታግስ እንክብካቤን መቀበል ይፈቀዳል። ይህ ውሳኔ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት የሚደረስበት እንጂ በመጀመሪያው ቀን በፍርሃት የሚወሰን አይደለም።

6. ካቴኪስቱ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት ያድምጥ። «እምቢ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር አለ፤ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ የባል ፈቃድ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ማጣት፣ ጡት በማጣት የሚመጣ እፍረት። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ ማደሪያም ይቸግረው ነበር። ምክር ብቻውን ይህን አይፈታም። የቁምስናው ማኅበር ተራ ገብቶ ልጆቿን ቢጠብቅ፣ አንዲት ሴት አብራት ወደ ሐኪም ብትሄድ፣ ከዚያም የሕክምና ቀጠሮዋን ብታስታውሳት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ያች እናት በመጨረሻ ሕክምናውን ጀመረች፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ዐረፈች። ዕድሜዋን ያሳጠረው የእኔ ዝምታ ነው ለማለት አልችልም፤ ዝምታዬ ግን አልረዳትም። ዛሬ ያ ጥያቄ ቢቀርብልኝ «መቼ ነው ቀጠሮሽ? ማን ነው አብሮሽ የሚሄደው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ) በአካባቢያችን ሴቶች ወደ ሕክምና ዘግይተው የሚሄዱት ለምንድን ነው?
ለ) «በምትክ» እና «ጎን ለጎን» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
ሐ) ቁምስናችን ለአንዲት ታማሚ እናት በዚህ ወር ምን ሊያደርግ ይችላል?