ስለ አሮጌ ቤቶች የፍሳሽ ቱቦ አጠራረግ

በአዳማ (ናዝሬት) ከተማ በቀድሞው የባቡር ጣቢያ አካባቢና በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ አልጋ ቤት ወይም የእህል መጋዘን ሆነው ያገለግላሉ። ሲሠሩ ግን የታሰቡት ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ ነበር፤ ከወለላቸው በታች የተቀበረውም የፍሳሽ ቱቦ የተመጠነው ለአንድ ወጥ ቤትና ለአንድ መታጠቢያ ነው። በዚያው ቱቦ ላይ ዛሬ የምግብ ቤቱ ማጠቢያ፣ የጠጉር ቤቱ ገንዳ፣ የደንበኞች መጸዳጃ ሁሉ ተጨምሮበታል። ቱቦው ሲዘጋ ነጋዴው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ ሠራተኛው ፌሮ ወይም የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይዞ ይመጣል፤ ይጎረጉራል፤ ውሃው ይወርዳል፤ ገንዘቡም ይከፈላል። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ሠራተኛ እንደገና ይጠራል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ነጋዴው የገዛው ቀዳዳ ነው እንጂ ጽዳት አይደለም። ቱቦን መብሳትና ቱቦን መጥረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የዋጋቸውም ልዩነት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ለምሳሌ ያህል የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ስብና ዝቃጭ በዙሪያው እየተለጠፈ መተላለፊያው ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቢጠብ ብዙ ሰው «ገና ግማሹ አለ» ብሎ ይገምታል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። የክብ ስፋት የሚለካው በዲያሜትሩ ካሬ ስለ ሆነ የቀረው ክፍት ቦታ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ውሃው ከግድግዳው ጋር የሚያደርገው መፋተግ ሲታከልበትማ ቱቦው ሞልቶ ሲፈስ የሚያሳልፈው ውሃ ወደ ቀድሞው አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። ፌሮ የሚከፍተው ቀዳዳ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ሲሆን፣ አንድ የሥጋ ጅማት ወይም የጨርቅ ቁራጭ ሲደርስበት መልሶ ይዘጋል።

ጉዳቱ ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የቤት እመቤቶች ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ አዳማ የስምጥ ሸለቆ ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ የሚለቀምባትና የሚበጠርባት ከተማ ናት። ዋናው ቱቦ ሲዘጋ ፍሳሹ የሚመለሰው ከቤቱ ሁሉ ዝቅ ባለው አፍ በኩል ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በመጋዘኑ ወለል ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ይሆናል። ከፎቅ ያሉት እንግዶች ማታ ሲታጠቡ ውሃው በዚያ ይወጣል፤ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት የታችኛው ረድፍ ጆንያ ርሶ ይገኛል። የዝናብ ውሃ የነካው ቦሎቄ ቶሎ ቢሰጣ ይተርፍ ይሆናል። የመጸዳጃ ፍሳሽ የነካውን ግን ለሰው ምግብ ብሎ መሸጥ አይቻልም፤ ከላይ ያለውም ረድፍ እርጥበቱን እየሳበ ይሻግታል። የአንድ ጊዜ ትክክለኛ ጠረጋ ዋጋ መነጻጸር ያለበት ከፌሮው ሠራተኛ ክፍያ ጋር ሳይሆን ከዚህ ጆንያ ዋጋ ጋር ነው።

አሮጌ ቱቦዎች ሁሉ የሚያረጁት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። የብረት ቱቦ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም እንደ ኩይሳ እየተቆለለ ጠጉርና ወረቀት ይይዛል። የሲሚንቶ ቱቦ ደግሞ የሚበላው ከጣራው በኩል ነው። ይኸውም የቆመ ፍሳሽ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቱቦው ጣራ እርጥበት ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም ሲሚንቶውን እያሟሟ ያሳሳዋል። ሙቀት ይህንን ሁሉ ያፋጥናል፤ ስለዚህ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አዳማ፣ ይልቁንም በ950 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው መተሐራ ከደጋው ከተሞች ይበልጥ ይጎዳሉ። በአንዳንድ አሮጌ ቤት ደግሞ ግራጫ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቱቦ ይገኛል። ይህ ቱቦ በደረቁ በመጋዝ ወይም በፍሌክስ ሊቆረጥ አይገባውም፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣልና።

የአካባቢው ጠባይም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። የፍሳሽ ቱቦ ራሱን የሚያጸዳው በውሃ ብዛት ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን መጸዳጃው በግማሽ ባልዲ ስለሚለቀቅ ደረቁ ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ይላል። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ይጨመርበታል። የቡና አተላ ከዕቃ ማጠቢያ ቅባት ጋር ሲገናኝ እንደ ጭቃ ይረጋል፤ ከቡሖ ዕቃ የሚታጠበው ሊጥም እንዲሁ ነው። ከክረምት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የአዳማ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ልል አፈር ነው፤ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ይህንን እየጠረገ ወደ ከተማ ያወርደዋል። የጣራ አሸንዳውን ከመጸዳጃ ቱቦ ጋር ያገናኘ ባለ ቤት (እንዲህ ያደረገ ጥቂት አይደለም) አሸዋውን በገዛ እጁ ወደ ቤቱ ይጠራዋል።

ልል አፈር በቱቦው ሥር ሲታጠብ ቱቦው ይሰምጣል፤ መገጣጠሚያውም ይላቀቃል። የዛፍ ሥር እርጥበት ፍለጋ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የጀመረውና በታኅሣሥና በጥር የበረታው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአቅራቢያውም መሬት ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲህ በመተሐራና በአዋሽ መስመር ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ቱቦ ቶሎ ቶሎ የሚዘጋ ከሆነ በጠረጋ ገንዘብ ከመጨረስ በፊት መገጣጠሚያው አለመሰበሩን መመርመር ይገባል።

ጠራጊው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ቱቦው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ነው። ይህም ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ በአሮጌ ቤት ውስጥ ከሥራው ሁሉ ይከብዳል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ከተፈጸመ በኋላ አንድ ግቢ ለብዙ ተከራይ የተከፋፈለበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም ያሻውን ቱቦ ባሻው ቦታ ቀጥሏል፤ ፕላን ያስቀመጠ የለም። የመፈተሻው ጉድጓድ (ፖዜቶ) በሴራሚክ ተሸፍኖ፣ በላዩም መደርደሪያ ቆሞበት የተገኘበት ሱቅ አለ። ፖዜቶው ካልተገኘ ጠራጊው የሚሠራው በግምት ነው፤ በግምት የሚገፋ ብረት ደግሞ ክርን ላይ ሲደርስ አሮጌውን ቱቦ ይበሳል።

ወደ መሣሪያው ሲመጣ፣ በእጅ ወይም በሞተር የሚሽከረከር ረጅም የብረት ስፕሪንግ ከጫፉ ምላጭ ያለው መሣሪያ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ብላንክ በ1933 እ.ኤ.አ. የልብስ ማጠቢያ ሞተርን ከብረት ገመድና ከምላጭ ጋር አገናኝቶ የዛፍ ሥር እየቆረጠ የሚሄድ መሣሪያ ሠራ፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች የዚያው ልጆች ናቸው። ይህ መሣሪያ ለሥርና ለጨርቅ ጥሩ ነው። ለስብና ለአሸዋ ግን የሚሻለው በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ነው፤ የጎማው አፍ ውሃውን ወደ ኋላ እየረጨ ራሱን ወደ ፊት ይስባል፤ ሲመለስም ዝቃጩን ጠርጎ ወደ ፖዜቶው ያመጣዋል። በሳሳ የሲሚንቶ ቱቦ ላይ ግፊቱ መቀነስ አለበት። አሮጌውን ቱቦ እንደ አዲስ ፒቪሲ የሚቆጥር ጠራጊ የሚያወጣው ዝቃጭ ብቻ ሳይሆን የቱቦውን ግድግዳ ጭምር ነው።

ብዙ ባለ ሱቅ ጠራጊ ከመጥራቱ በፊት ካስቲክ ሶዳ ያፈስሳል። ካስቲክ ሶዳ ስብን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃው ጥቂት ከሆነ ሳሙናው ራቅ ብሎ ሄዶ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ፌሮም አይበሳው። ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ሙቀት የፒቪሲውን ቱቦ ያለሰልሳል፤ የአሉሚኒየም ዕቃ ከነካም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። አሲድ ደግሞ የሲሚንቶን ቱቦ ይበላል። ከሁሉም የከፋው በረኪና ከፈሰሰ በኋላ አሲድ መጨመር ነው፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አንድ ነገር ካፈሰሰ በኋላ ጠራጊ የሚጠራ ሰው ምን እንዳፈሰሰ ሊነግረው ይገባል፤ ሠራተኛው ፊቱን ወደ ቱቦው አፍ አድርጎ ነውና የሚሠራው።

ሽታ ሁሉ ግን የመዘጋት ምልክት አይደለም። ከማጠቢያው ሥር ያለው የተጠማዘዘ ክፍል፣ ማለት ሲፎን፣ በለንደን ይኖር የነበረው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ነው፤ በውስጡ የሚቀረው ውሃ ጋዙን ያግዳል። በበጋ በአዳማ ሙቀት ለሳምንታት ያልተከፈተ የአልጋ ክፍል ሲፎኑ ይደርቃል፤ መድኃኒቱም አንድ ጆግ ውሃ ነው። ለዚህ ገንዘብ የተቀበለ ጠራጊ ቢኖር በድካሙ ሳይሆን በባለ ቤቱ አለማወቅ ነው የተቀበለው።

ቱቦው ቢጠረግም መድረሻው ከሞላ ዋጋ የለውም። በእነዚህ ከተሞች ያለ አሮጌ ቤት ብዙውን ጊዜ ፍሳሹን የሚጥለው በግቢው ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ዝቃጩ አንድ ሦስተኛውን ሲይዝ መጣጭ መኪና መጠራት አለበት። በዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ ዳር ባለው ሰፈርና፣ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ በመጣበት በመተሐራ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ቦታ ጉድጓዱ ከውጭ ገብቶ በሚሞላው ውሃ ጭምር ይሞላል፤ ስለዚህ «ትናንት አስመጠጥኩ» ማለት ዛሬ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ታንኩ ውስጥ ግን ሰው መግባት የለበትም። ያ የተበላሸ ዕንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ሲበዛ በመጀመሪያ የሚያጠፋው የማሽተትን ኀይል ነው፤ የገባው ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ ደስ ሲለው ይወድቃል። ሊያወጣው የሚገባው ጓደኛውም እንዲሁ። የወደቀ ባልዲ ወይም ስልክ ለማውጣት «አንዴ ብቻ» ብሎ ሠራተኛ የሚያስገባ ባለ ሱቅ የሚያስገባው ወደ ሞት ነው፤ ይህንን የሚከለክል ቃል በስምምነቱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ስለ ስምምነቱ ከተነሣ ዋጋው «ለመክፈት» ሳይሆን «ከዚህ ፖዜቶ እስከዚያ ፖዜቶ ድረስ በሜትር ለመጥረግ» ተብሎ ይቆረጥ። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ላይኛው አፍ ላይ አንድ በርሜል ውሃ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና በታችኛው ፖዜቶ ይታይ። ውሃው ቶሎ መጥቶ ቶሎ ካለቀ ተጠርጓል፤ ቀጥኖ ረጅም ጊዜ የሚወርድ ከሆነ የተበሳ እንጂ የተጠረገ አይደለም። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ከቱቦው የወጣውን ነገር ማየት ነው። ብዙ ሰው ሽታውን ሸሽቶ ይርቃል፤ ሆኖም ምስክሩ እዚያ ላይ ነው። ስብ ከወጣ ጉድለቱ የወጥ ቤቱ ነው፤ የስብ ማጥመጃ ሣጥን ማስገባትና በየሳምንቱ መጥረግ ያስፈልገዋል። አሸዋ ከወጣ፣ አሸንዳም ካልተገናኘ፣ ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰብሮ አፈር እየገባ ነው። ቀጭን ሥር ከወጣ መገጣጠሚያ ተላቋል፤ ሥሩ ተቆርጦ ቢጠራም በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ያ ክፍል ተቆፍሮ መለወጥ ይኖርበታል። የዝገት ቅርፊት ከወጣ የብረት ቱቦው ዕድሜ እያለቀ ነው።

የተሰበረው ክፍል ሲለወጥ የሚገዛው ፒቪሲ ግድግዳው በመለኪያ ይታይ። በአውሮፓ ደረጃ ለሕንጻ ውስጥ ፍሳሽ የሚሆነው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቢያንስ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በእጅ ሲጨመቅ የሚታጠፈው ቀጭን ቱቦ ከተቀበረ በኋላ የመኪና ክብደት አይችልም። ዕቃ አስመጪዎችም ማሽኑን ብቻ አምጥተው መለዋወጫውን ምላጭና ስፕሪንግ እየረሱ ነው፤ ምላጩ የደነዘ ማሽን ከፌሮ አይሻልም። አዲሱ ቁልቁለት በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ጊዜው ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ሳይገባና አፈሩ ደረቅ ሳለ። ሥራው እንዳለቀ ፖዜቶዎቹ ያሉበት ቦታ ከግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚርቅ በወረቀት ይሣልና በቆጣሪው ሣጥን በር ላይ ከውስጥ ይለጠፍ፤ የሚቀጥለው ተከራይም ሴራሚክ ከማንጠፉ በፊት ያየዋል።