መድኃኒት የለመደ የቁስል ጀርም

በቦንጋና በከፋ ገጠር ቡና ሲለቀም፣ እንሰት ሲፋቅ እጅና እግር መጫሩ አይቀርም። በዚያች ጭረት ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም ይገባል። ይህ ጀርም በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ ቆዳ ሲቀደድ ግን እባጭና መግል ያመጣል። ወደ ደም ከገባም ሳንባንና አጥንትን ይጎዳል፤ ይገድላልም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ሲውል ይህን ጀርም በቀላሉ ያጠፋው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጀርሙ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ነገር ማመንጨት ጀመረ። ሜቲሲሊን የተባለ ሌላ መድኃኒት ቢሠራም፣ በ1961 እርሱንም የሚቋቋም ጀርም እንግሊዝ አገር ተገኘ። መድኃኒት ደካሞቹን ሲገድል ብርቱዎቹ ተርፈው ይራባሉና፤ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋሉ።

ይበልጥ የሚያሰጋው ለአራስ ሕፃናት፣ ለሽማግሌዎች፣ ስኳር በሽታ ላለባቸው፣ እሳት ላቃጠላቸው፣ ኦፕራሲዮን ለተደረጉና ሆስፒታል ብዙ ለተኙ ነው። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደም ይጠንቀቅ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፤

1ኛ/ ቁስልን በንጹሕ ውሃና ሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤
2ኛ/ እባጭን አለማፍረጥ፤ ቁስል የነካ እጅን ወዲያው በሳሙና መታጠብ፤
3ኛ/ ፎጣና ምላጭ አለመዋዋስ፤
4ኛ/ ካፕሱል ፈቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ አለመነስነስ፤ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አለመዋጥ፤
5ኛ/ ሐኪም ያዘዘውን በታዘዘው መጠንና ቀን መውሰድ።

መቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ፣ አለዚያም ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይሂዱ።